ሳይነጋ የማይነገር

ከጎንደር ከተመለስኩ ወዲህ ጎረቤቶቼ በየተራ እየመጡ ስለ ግንቡ ይጠይቁኛል። ግንቡ ደህና ነው፣ እንደቆመ ነው። እኔን አስደንግጦ የመለሰኝ ሰው ነው። ነገሩን በቃል ልነግራቸው ስጀምር ግማሹ ላይ እቆጣና አቋርጠዋለሁ፤ ስለዚህ እዚህ አዳማ ሙቀት ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ወደዚያ ብርድ መቼም ለማትወጡት ሁሉ በጽሑፍ ላስቀምጠው ወሰንኩ።

አብራኝ የተጓዘችው ሳስኪያ ትባላለች። ሆላንዳዊት ናት፣ እንደኔው አስተማሪ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔ እንግሊዝኛ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ለጉብኝት መጥታ ተዋወቅን፤ ከዚያ ወዲህ ስንጻጻፍ ቆየን። ዘንድሮ «ጎንደርንና የሰሜንን ተራሮች ማየት እፈልጋለሁ፣ አንቺ አስተርጓሚ ሁኚኝ» አለችኝ። እኔም ጎንደርን አይቼ አላውቅም ነበር። ቢሆንም ራሴን የሁለቱም ወገን አዋቂ አድርጌ ነው ሻንጣዬን ያነሳሁት።

እሑድ

አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ ሳይነሳ ሳስኪያ ስልኳን ዘጋችና ቦርሳዋ ሥር ከተተችው። «እስክመለስ አልከፍተውም። አስቸኳይ ነገር ቢመጣ ወንድሜ ያንቺን ቁጥር ይዟል» አለችኝ። ስለ ቤተሰቧ የጠየቅኋት ያኔ ነው። እናቷ ሞታለች። አባቷ ሰማንያን አልፈዋል፣ ብቻቸውን ይኖራሉ።

«ብቻቸውን ስትዪ፣ ከሠራተኛ ጋር?»

«ብቻውን።»

«ማን ያበስልላቸዋል?»

«ራሱ ነዋ። ብስክሌትም ይነዳል።»

ዞር ብዬ አየኋት። እኛ ሰፈር ሰማንያ ዓመት ያለፋቸውን አባት ብቻቸውን ትቶ በአውሮፕላን የሚበር ልጅ እድር ላይ ስሙ ይነሳል። ይህንኑ ነገርኳት። «አብሬው ልኑር ብል በሳምንቱ ያባርረኛል» ብላ ሳቀች። እሑድ እሑድ በስልክ ቼዝ ይጫወታሉ። የዛሬውን ጨዋታ ሳይጨርሱ ነው የተሳፈረችው፤ ስትመለስ ከቆመበት ይቀጥላሉ። አባቷን እንደምትወድ ያን ጊዜ አልተጠራጠርኩም፣ አወዳደዷ ግን ግራ አጋባኝ።

አዘዞ ወርደን በሚኒባስ ወደ ከተማ ገባን። አዳማ ላይ በዚህ ሰዓት ሰው ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ይለጠፋል፤ ጎንደር ላይ ፀሐይ ፍለጋ ነው የሚለጠፈው። ማታ ሆቴሉ ውስጥ ዶሮ ወጥ አዘዝን። አስተናጋጇ ትሪውን አስቀምጣ ገና ቀና ሳትል ሳስኪያ አጎንብሳ ወጡን አሸተተችው። አፍንጫዋ ወጡን ሊነካ ምንም አልቀረው። የልጅቷ ፊት ተለዋወጠ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ የሰው ምግብ ማሽተት ተበላሽቷል ብሎ ከመመስከር በምን ይለያል?

«ሽታውን ስለወደድኩት እኮ ነው፣ ማድነቄ ነው» አለች ሳስኪያ።

ይቅርታ ጠይቄ ነገሩን አበረድኩ። አስተናጋጇም እንዲበርድ ፈልጋ መሰለኝ፣ «ባል አላት? ልጅስ? ምነው ሳትወልድ ቀረች?» ብላ ጠየቀችኝና ተረጎምኩላት። አሁን ደግሞ ሳስኪያ ደነገጠች። በአገሯ ይህን የሚጠይቅ ሐኪም ብቻ ነው አሉ።

ሰኞ

ግንቡን አየን። ሰፊ ነው፣ ያምራል፤ ሌላ የምለው የለኝም። ከሰዓት በኋላ አንድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። በር ላይ አንድ ሸምገል ያሉ ቄስ መስቀላቸውን እንድትሳለመው ወደ ሳስኪያ ዘረጉ። እሷ መስቀሉን ከነእጃቸው ጨብጣ ከፍ ዝቅ አድርጋ ነቀነቀችው፤ «ሳስኪያ እባላለሁ» ብላም ስሟን ነገረቻቸው። ቄሱ ወደኔ ዞረው «ሸጋ ሰው ናት፣ ግን ምን ሆና ነው?» አሉኝ። 

ማክሰኞ

ወደ ደባርቅ በተከራየነው መኪና ጉዞ ጀመርን። መኪናውን የሚነዳው አስጎብኚያችን ጌታሁን ይባላል፤ ድቁና ጀምሮ የተወ፣ አርባ ዓመት የሞላው፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገባ። ዳባት ደርሰን ምሳ ቤት ስንገባ አንድ ነጋዴ የመሰለ ሰው በር አጠገብ ብቻውን ጥብስ ይበላል። እንደ ደንቡ ቀና አለና እጁን ወደ ትሪው ዘርግቶ «እንብላ» አለን። እኔና ጌታሁን «ይባረክ» ብለን አለፍን።

«ምን አለ?» አለች ሳስኪያ።

«እንብላ አለ።»

አመስግና ወንበር ስባ ተቀመጠች። እጇን እንኳ ሳትታጠብ ከጥብሱ ቆረሰች። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። በዕድሜዬ እንብላ ሲባል ስንት ሺህ ጊዜ ሰምቻለሁ፣ ቀርቦ የበላ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። ሰውዬው መጀመሪያ ዓይኑ ፈጠጠ፣ ከዚያ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው፣ ሌላ ጥብስ አዘዘላት፣ ሊያጎርሳትም ተነሳ። ጉርሻውን ግን «እጄ ይሠራል» ብላ እንቢ አለችው።

መኪናው ውስጥ ተቆጣኋት። «ለጨዋነት ያለው ነው። መብላት አልነበረብሽም» አልኳት። አሰበችበት። «ካልፈለገ ለምን እንብላ አለ? እኛ የማናስበውን አንልም» አለችኝ። ጌታሁን በመስታወቱ አየኝና ሁለታችንም ሳቅን። ያ አባባሏ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የገባኝ ከሦስት ቀን በኋላ ነው።

ረቡዕ

ከደባርቅ በእግር ወጣን። ዕቃችንን በቅሎ ይዛልናለች። ቀኑን ሙሉ ስንጓዝ ውለን፣ ጌታሁን በዝምድና ወደሚያውቃቸው ወደ አያ ቢራራ ቤት ደረስን። አያ ቢራራ ገብስና ባቄላ የሚያርሱ፣ ረጅም፣ ንግግራቸው ቁጥብ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩ ደግሞ የእሳቸውንም ድርሻ ያወራሉ።

ገና መደብ ላይ አረፍ እንዳልን እትዬ ጥሩ ለብ ያለ ውሃ በገበቴ ይዘው መጡና የሳስኪያን ጫማ ይፈቱ ጀመር። የመንገደኛ እግር ማጠባቸው ነው። እኔ ይህን ከአያቴ አፍ በወሬ ነው የማውቀው፤ አዳማ ላይ ለእንግዳ ቢበዛ ቧንቧውን ማሳየት ነው። ሳስኪያ እግሯን እንደተቃጠለ ሰው ሳበችው። «በዕድሜ ታላቄ ናቸው፣ ይህን ማድረግ የለባቸውም» አለች። እትዬ ጥሩ ገበቴውን ይዘው እንደተንበረከኩ ቀሩ።

«ምነው? ቤቴን ተጸየፈችው?» አሉኝ።

«አይደለም፣ አፍራ ነው» አልኳቸው።

«እግር ምን ያሳፍራል?» ብለው የእኔን አጠቡ፣ አጥበውም ሳሙት። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ጉዞ ማን እንደተሳሳተ መወሰን አቃተኝ። የቀረበልኝን የገብስ እንጀራ ዓይኔ እንባ እንዳቀረረ ነው የበላሁት።

ሐሙስ

ጠዋት ጌታሁን ጭላዳ ዝንጀሮዎች አሳየን። ሣር እየነጩ ይበላሉ፣ ሰውን ከቁም ነገር አይቆጥሩም። ከሰዓት በኋላ ሳስኪያ ጋደም አለች፤ እኔ ልጆቼ ጋ ልደውል ከጌታሁንና ከአያ ቢራራ ጋር ከቤቱ በላይ ወዳለው አፋፍ ወጣሁ። በዚያ አካባቢ ስልክ የሚሠራው እዚያ አንዲት ድንጋይ ዘንድ ብቻ ነው። ስልኬ ድምፅ አሰማ። ከሳስኪያ ወንድም የተላከ መልእክት ነበር፦ «አባታችን በጠና ታሟል። እባክሽ ሳስኪያ በተቻለ ፍጥነት እንድትደውል ንገሪያት።»

ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ።

«ምነው ልጄ?» አሉኝ አያ ቢራራ።

አነበብኩላቸው። ጌታሁን ኮፍያውን አወለቀ። አያ ቢራራ ዱላቸውን ተደግፈው «ስንት ዓመታቸው ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ነበር ማለታቸው ማናችንንም አልቆረቆረንም።

ይህን የምታነቡ ሁሉ መልእክቱን እኔ እንዳነበብኩት እንዳነበባችሁት አውቃለሁ። እናቴ ስትሞት እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። «ትንሽ አሟታል፣ ቶሎ ነዪ» ነበር ያሉኝ፤ ሰፈራችን ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። ሞተ ብሎ ለልጅ በስልክ የሚልክ ማን አለ?

«አሁን ወርጄ ልንገራት?» አልኩ።

«አሁን? ሊመሽ ነው እኮ» አሉ አያ ቢራራ። «ደክሟታል፣ እህል አልቀመሰችም። በሰው አገር፣ አንድ ዘመድ በሌለበት፣ መርዶ ታቅፋ ትደር? ትብላ፣ ትተኛ፣ ጉልበት ይኑራት። ሲነጋ መምሬን ጠርተን፣ ጎረቤቱን ሰብስበን እንነግራታለን። ብቻዋን አትሰማም።»

እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ሞላ። እኛ ከተሜዎቹ መርዶን በጥድፊያ የምናረዳ ሆነናል፤ እዚህ ግን ከትናንት በፊት አይተዋት ለማያውቋት ፈረንጅ እንዲህ ይጨነቃሉ። ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ያን ቀን ማታ ጠቦት ታረደ። የጎረቤት ሴቶች አንድ በአንድ እየመጡ፣ አንዷ እርጎ፣ አንዷ ጠላ ይዘው፣ ሳስኪያ ዙሪያ ተቀመጡ። እትዬ ጥሩ አጎረሷት፤ ዛሬ እንቢ አላለችም፣ አፏን ከፈተችላቸው። ደጋገሙላት። «ጨምሪ፣ በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» ይሏታል፣ ሳይታወቅባቸው ደግሞ ዓይናቸውን በነጠላቸው ይጠርጋሉ። ሳስኪያ ጠላውን አንስታ «አባቴ ይህን ቢያገኝ ደስታውን አይችለውም» አለች። ተረጎምኩ። ሴቶቹ ሁሉ ወደ ግድግዳው ዞሩ።

«ምን አድርጌላቸው ነው እንዲህ የሚወዱኝ?» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

«እንግዳ ስለሆንሽ ነው» አልኳት፣ ዓይኗን ሳላይ።

ዓርብ

ገና ጎህ ሲቀድ ግቢው በሰው ሞላ። ወንዶቹ ጋቢያቸውን፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ሳስኪያ የጥርስ ብሩሽ አፏ ውስጥ አድርጋ፣ በካልሲ ብቻ፣ ብቅ አለች። ሁሉም ቆመው ያዩዋታል። እሷም ፈገግ ብላ በብሩሹ ሰላምታ ሰጠቻቸው።

መምሬ ጀመሩ። የሰው ልጅ እንግዳ መሆኑን፣ ሁላችን ተጠሪ መሆናችንን፣ አብርሃምም እንዳልቀረ ረጋ ብለው ተናገሩ። እኔ እየተንተባተብኩ እተረጉማለሁ። ሳስኪያ ብሩሹን ከአፏ አወጣች።

«ማን ሞተ?» አለችኝ።

ሴቶቹ አላስቻላቸውም፣ ለቅሶው ፈነዳ። እትዬ ጥሩ እንዳትወድቅ ከኋላዋ ያዟት።

«አባትሽ» አልኳት።

ጮኻ ትወድቃለች ብለን ሁላችንም ተዘጋጅተን ነበር። አልጮኸችም። «ማን ነገረሽ?» አለች። ስልኬን ሰጠኋት። አነበበች። ደግማ አነበበች። ከዚያ ቀና ብላ ያየችኝን አስተያየት ዛሬም ድረስ በጠዋት ስነሳ አየዋለሁ።

«ታሟል ነው የሚለው» አለች። «ታሟል። ይህ የመጣው መቼ ነው?»

«ትናንት። ከሰዓት በኋላ።»

ስልኬን እንደያዘች ወደ አፋፉ ሮጠች። ብርድ በነካው ድንጋይ ላይ፣ በካልሲ፣ ብሩሹ እጇ ላይ እንዳለ። ያ ሁሉ ለቀስተኛ እያለቀሰ ተከተላት። እንብላ ሲሏት ቀርባ የበላችው ሴት ፊቴ ላይ ድቅን ያለችብኝ ያን ጊዜ፣ ዳገቱ መሐል ላይ ነው። እነሱ የማያስቡትን አይሉም። 

ደርሰን ስናያት እያወራች ነበር። በቋንቋዋ ረጅም ነገር ተናገረች፣ ከዚያ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ተጭና አዳመጠች። ሴቶቹ ለቅሶውን ማቆም እንዳለባቸው ወይም መቀጠል እንዳለባቸው አላወቁም፤ አንዷ አፏን በእጇ ይዛ ቀረች። ሳስኪያ ስልኩን አወረደች።

«በሕይወት አለ» አለችኝ። «ወንድሜ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገለት። ትናንት ማታ በደንብ ያወራ ነበር። የት ደረሰች፣ ለምን አትደውልም እያለ ይጠይቅ ነበር። ሌሊት ባሰበት። አሁን አንድ ነገር ብቻ ነው ያለኝ።»

«ምን አሉሽ?»

«ተራሽ ነው።»

የቼዙን ነገር ትቼ፣ ለሕዝቡ በሕይወት እንዳሉ ነገርኩ። መምሬ አማተቡ። አያ ቢራራ ግን እንደዚያ ደንግጠው አይቻቸው አላውቅም። «ታዲያ ሳይሞቱ ምነው ላኩባት?» አሉ። «ባሕር ማዶ ላለች ልጅ፣ ምንም ላታደርግላቸው፣ አባትሽ ታሟል ይባላል? ልቧ ቀጥ ቢልስ? እነዚህ ሰዎች አያዝኑላትም?»

ሳስኪያ ተርጉሚልኝ አለችና ተረጎምኩላት።

«የሚነገረው በሕይወት ሳለ ነው እንጂ» አለች። «ከሞተ በኋላማ ምን ያስቸኩላል?»

ይህንንም ለእሳቸው መለስኩ። አያ ቢራራ ዱላቸውን ሲያዩ ቆዩ። ሳስኪያ ወደኔ ዞረች።

«ስበላ ታይኝ ነበር» አለችኝ። «ስስቅ ታይኝ ነበር።»

 ካልሲዋ ተቀዶ እግሯ ይደማል። እትዬ ጥሩ ጫማዋን ይዘው ከታች መጡ፣ ፊቷ ተንበረከኩ፣ ደሙን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ጫማውን አጠለቁላት። እግሯን አልሳበችም። እንደ ሕፃን ዝም ብላ አስጠለቀች።

ቅዳሜ

ዓርብን በበቅሎ ወደ ደባርቅ፣ ከደባርቅም በመኪና ወደ ጎንደር ስንከንፍ ዋልን። ዳባትን ስናልፍ ማንም ስለ ምሳ አላነሳም። ጌታሁን ያ ሁሉ ጨዋታው ጠፍቶ ነበር። እኔ መንገድ ላይ ላስረዳት ሞከርኩ፤ በልተሽ፣ ተኝተሽ፣ ሰው ደግፎሽ እንድትሰሚ ፈልገን ነው አልኳት። በጥሞና ሰማችኝ። «ደግነት መሆኑ ይገባኛል። ግን ያ ማታ የኔ ነበር፤ እናንተ ወሰዳችሁት» አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ደረስን። ስትመጣ ሦስት ጊዜ ጉንጬን ስማኝ ነበር፤ ስትሄድ እጇን ዘረጋችልኝ። ጨበጥኳት። «ለአያ ቢራራ ምን ልበልልሽ?» አልኳት። «አላውቅም» ብላ ገባች። እኔም በሚቀጥለው በረራ እስክሄድ ድረስ እዚያው ወንበር ላይ፣ ሁሉንም ሰው፣ ራሴንም፣ ወንድሟንም፣ መምሬንም ስወቅስ ዋልኩ።

ከዚያ ወዲህ

አዳማ ከገባሁ በኋላ ድምጿ ጠፋ። ብጽፍላት አልመለሰችም። አንድ ጠዋት፣ ልጆቼን ወደ ትምህርት ቤት ሸኝቼ ሻይ ስጠጣ፣ መልእክት ገባልኝ።

«ቁርስ በልተሻል? ካልበላሽ ብዪና አንብቢ» ይላል አናቱ። ሁለት ጉርሻ ጎረስኩ። «አባቴ ሌሊት አረፈ። ደርሼበት ነበር፤ ባያናግረኝም እጁን ይዤው ነበር። ወዲያው ልጽፍልሽ ስልኬን አንስቼ፣ እናንተ ዘንድ ጨለማ መሆኑ ትዝ አለኝና እስኪነጋላችሁ ጠበቅኩ። ለአያ ቢራራም ንገሪልኝ። ብቻቸውን ሳሉ አትንገሪያቸው።»

አለቀስኩ፤ ጎረቤቶቼ እስኪመጡ ድረስ አለቀስኩ። ከዚያ «አሁን እነማን አሉ አጠገብሽ?» ብዬ ጻፍኩላት። ማንም የለም አለችኝ። ወንድሟ ወደ ቤቱ ሄዷል። ጎረቤቶቿ ሾርባ ሠርተው፣ እንዳይረብሿት ብለው በር ላይ አስቀምጠውላት ተመልሰዋል።

ጌታሁን ጋ ደወልኩ። እሱም ወደ መንደሩ ወጥቶ፣ መምሬን ይዞ፣ በማግስቱ ጠዋት ለአያ ቢራራ ነገራቸው። ከሰዓት በኋላ አያ ቢራራ ከአፋፉ ላይ በጌታሁን ስልክ ደወሉልኝ።

«ማን አለ ከልጅቱ ጋር?» ነው የመጀመሪያ ቃላቸው።

የሾርባውን ነገር ነገርኳቸው።

«ደጅ ላይ?» አሉ። «ሳይገቡ?»

«ሳይገቡ።»

«አንድም ሰው አልተቀመጠላትም?»

«አንድም ሰው።»

 እንዲህ ያለ ነገር ጆሯቸው ሰምቶ አያውቅም። በመጨረሻ «ቁጥሯን ለጌታሁን ስጪው» አሉና ዘጉት።

በነጋታው ጌታሁን ደውሎ ነገሩን አጫወተኝ። አያ ቢራራ፣ እትዬ ጥሩ፣ መምሬና ያን ማታ ጠላና እርጎ ይዘው የመጡት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አፋፉ ላይ ወጥተዋል። ጌታሁን ደውሎ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ድንጋዩ ላይ አስቀምጦታል። ሳስኪያ አንስታለች። መጀመሪያ ጥቂት አልቅሰዋል፣ እሷም አልቅሳለች፣ ከዚያ ሁሉም ጸጥ ብለው ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ቆይተዋል።

አያ ቢራራ አጠገቡ ስለነበሩ ስልኩን ስጣቸው አልኩት። «አያ፣ ቋንቋዋን አታውቁ፣ እሷ የእናንተን አታውቅ፤ ያን ያህል ጊዜ ምን ተባባላችሁ?» አልኳቸው።

«ለቅሶ ቤት ምን ይባላል ልጄ?» አሉኝ። «ተቀመጥንላት።»